የገደሉ ሽኮኮና የደሴቱ ወፍ

በአዋሽ ሰባት ኪሎ ስለ ሽኮኮ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው የለም። ይህን ስናገር እየኮራሁ ነው፤ የሚያኮራ ነገር ስለሆነ። ማንም አላስተማረኝም። የትምህርት ቤት ደጃፍ የረገጥኩት ልጄን ላስመዘግብ የሄድኩ ቀን ብቻ ነው። ፊደል የለየሁት ምድር ባቡር ስሠራ፣ በዕቃ ሳጥኖች ላይ ከተጻፈው ነው። ፈረንሳይኛንም ከመለዋወጫ ዕቃ ዝርዝር ላይ ለቃቅሜ፣ አለቆቼ እኔ ፊት ምስጢር ማውራት እስኪፈሩ ድረስ ቻልኩት። ሞተር የተማርኩት ፈትቼ በመግጠም ነው። ሽኮኮን ፈትቶ መግጠም ስለማይቻል ግን ቁጭ ብዬ አየሁት። ሃያ ዓመት አየሁት።

ቤቴ ከገደሉ አፋፍ ሁለት መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። ከታች ወንዙ፣ ከወንዙ በላይ የተቆራረጠ ጥቁር አለት፣ በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ሽኮኮዎች። ለማያውቅ ሰው ሽኮኮ ጅራት የሌለው ወፍራም አይጥ ይመስላል። እግሩን ያየ ግን እንዲህ አይልም። ጥፍሩ እንደ አይጥ ሹል አይደለም፤ ጠፍጣፋ ነው፣ የዝሆን ጥፍር ነው። ይህን ስናገር ስንት ዓመት ተሳቀብኝ! በኋላ ሽኮኮ የዝሆን ዘመድ ነው ተብሎ በራዲዮ ተነገረ። ያን ዕለት ከሳቁብኝ መካከል በሕይወት ያሉትን ሁሉ ቤታቸው ድረስ እየሄድኩ ነገርኳቸው።

ጠዋት ወንዱ አለቱ አናት ላይ ወጥቶ ይዘፍናል። ዘፈን የምለው እኔ ነኝ፤ ሌላው ሰው ጩኸት ይለዋል። መጀመሪያ ረዘም ያለ ዋይታ አለ፤ ቀጥሎ ጉሮሮው ላይ አጥንት የቆመበት ሰው የሚያስለው ዓይነት ሳል፤ መጨረሻ ላይ ማንኮራፋት። እየቆየ ይፈጥናል፣ እየቆየ ይወፍራል። ጡረታ ስወጣ ይህን ድምፅ በአፌ ለማውጣት ተለማመድኩ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለች «ሐኪም ቤት ልውሰድህ ወይስ እዚያው ገደሉ ልክተትህ?» ትለኝ ነበር። ሦስት ወር ፈጀብኝ። በአራተኛው ወር አንድ ጠዋት አፋፉ ላይ ቆሜ ባሰማ፣ ከታች ወንዱ መለሰልኝ። ከዚያ ወዲህ ጎህ ሲቀድ አፋፉ ላይ መቆም የየዕለት ሥራዬ ሆነ። እኔ እጣራለሁ፣ እሱ ይመልሳል።

ከዚያ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ቢሆን ደግ ነበር፤ ሳምንታት ቆየ። ሰው ውጭ ማደር ጀመረ። የቤቴ የግራ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ሰመራ የምትኖረው ልጄ በየቀኑ ትደውል ነበር።

«አባዬ፣ እባክህ እኔ ጋ ና።»

«ሰመራ ምን ሊሠራልኝ? ነፋስ ልቆጥር?»

«ግድግዳው ይወድቅብሃል እኮ!»

ግድግዳው እንደተሰነጠቀ ለልጄ አልነገርኳትም ነበር። ማን ነገራት? ከቤቴ ፊት ለፊት፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ሻይ ቤት ያላት፣ ከወሎ የመጣች ጎረቤት አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በጥርጣሬ እመለከታት ጀመር። ሻይ ስትቀዳልኝ ስልኳን ከፊቷ አታርቅም።

ልጄ በጣም ስትጫነኝ አንድ ነገር አልኳት። «ስሚኝ፤ ሽኮኮ የሚተኛው አለት ውስጥ ነው። አደጋ ካለ ከራዲዮም ከመንግሥትም በፊት የሚያውቀው እሱ ነው። ሽኮኮዎቹ ገደሉን ለቀው የሄዱ ዕለት እኔም ሻንጣዬን አነሳለሁ። እነሱ ካልሄዱ አልሄድም።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው። ቃሌን በልቼ አላውቅም።»

ይህን ስናገር ግን አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበር። ከመጀመሪያው ብርቱ መንቀጥቀጥ ወዲህ ሽኮኮው አልመለሰልኝም። በየጠዋቱ እጣራለሁ፤ ከታች የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው። ሄደዋል ብዬ ግን አላመንኩም። ደንግጠው ዝም ብለዋል አልኩ። ቀጥሎ ጎኔ ያለው ጋራዥ አዲስ ያመጣውን ውሻ ጠረጠርኩ። ጆሮዬን ብቻ አልጠረጠርኩም፤ ጆሮዬ የሞተርን ሕመም ከመቶ እርምጃ የሚለይ ጆሮ ነው።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዳለፈ አንድ አርባ ዓመት የሚሆነው ሰው በሬን አንኳኳ። ከሰመራ እንደመጣ፣ የእንስሳትን ድምፅ እንደሚያጠና፣ ስለ ሽኮኮ «አዋቂው እርስዎ ነዎት» ተብሎ እንደተላከ ነገረኝ። አዋቂ መባሉ አልከፋኝም። ቢሆንም ሰውየውን ከራሱ እስከ እግሩ አየሁት። ገደል ሊወርድ የመጣ ሰው ጫማው የተወለወለ ነበር።

«ማን ላከህ?»

«ሰዎች ነገሩኝ አባቴ።»

«የትኞቹ ሰዎች?»

«የከተማው ሰዎች።»

ገባ፤ ተቀመጠ። ዓይኑ ግን ገደሉ ላይ አልነበረም፤ ግድግዳዬ ላይ ነበር። ስንጥቁን ከላይ እስከ ታች ለካው። ምግብ ማን እንደሚሠራልኝ ጠየቀኝ። ውሃ ከየት እንደምቀዳ ጠየቀኝ። ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኝ እንደሆነ ጠየቀኝ። የሽኮኮ ተመራማሪ ጉልበቴን ምን ያደርግለታል?

ልፈትነው ወሰንኩ። «የሽኮኮ የኋላ እግር ስንት ጣት አለው?»

«ሦስት፣ አባቴ።»

«የፊቱስ?»

«አራት።»

አወቀው። ይህን ጊዜ ጥርጣሬዬ ባሰ፤ ተዘጋጅቶ ነው የመጣው ማለት ነው።

ሰውየው ዕቃውን ሆቴል ሊያስቀምጥ ሲሄድ ወደ ሻይ ቤቷ ተሻገርኩ። ጎረቤቴ ብርጭቆ እያጠበች፣ ሳልናገር፣ «ወላሂ ያ ሰውዬ የልጅዎ ነው» አለችኝ።

«የልጄ ምን?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ወይ ሰላይ ነው ወይ ባል።»

«ባል ከሆነ ሽማግሌ ይልካል እንጂ የሽኮኮ ጣት አይቆጥርም።»

«እንግዲያው ሰላይ ነዋ» ብላ ሳቀች። «ማሻአላህ፣ ሰላዩም የተማረ ነው!»

«አንቺስ የማን ነሽ?»

«እኔማ የሻዬ ነኝ» አለችና ብርጭቆውን አኖረችልኝ። ስልኳ እንደ ልማዱ ከፊቷ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሰውየውን ይዤው አፋፉ ላይ ተቀመጥን። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ሽኮኮ ፀሐይ የሚሞቅበት ሰዓት ነው። አለቱ ላይ ግን እንሽላሊት እንጂ ሌላ አልነበረም። ከመንቀጥቀጡ በኋላ ከላይ የተናደ ድንጋይ ዋናውን ስንጥቅ ደፍኖት ነበር። ሰውየው ያንን አየ። ቀጥሎ ስልኩን አወጣና «አባቴ፣ አንድ ድምፅ ላሰማዎት» አለኝ።

ወፍ ነው። ዋሽንት በሩቅ የሚነፋ ይመስላል፤ ጥቂት ይላል፣ ያቆማል፤ ጥቂት ይላል፣ ያቆማል። ደስ የሚል ድምፅ ነው፤ ግን የሆነ ነገር ይጎድለዋል።

«ምን ሆኖ ነው የሚያቋርጠው?»

«እየጠበቀ ነው። የዚህ ወፍ ወንዱና ሴቷ እየተቀባበሉ ነበር የሚዘፍኑት። እሱ የራሱን ይላል፤ ከዚያ ለሴቷ ቦታ ይተውላታል። ሴቷ ግን አልነበረችም። በሩቅ ውቅያኖስ ያለች አንዲት ደሴት ላይ የቀረ የመጨረሻው ወንድ ነው። ዛሬ ዘሩ የለም።»

«ማን ቀዳው?»

«ጫካ የገቡ ሰዎች።»

«የመጨረሻው መሆኑን በምን አወቁ? ወፉ ነገራቸው?»

ሳቀ። «ከዚያ በኋላ ፈልገው አጡ፣ አባቴ።»

«ታዲያ ከእኔ ሽኮኮ ጋር ምን አገናኘው? አንዱ ላባ አለው፤ አንዱ የዝሆን ዘመድ ነው።»

«ሁለቱም ዘፋኞች ናቸው። ደግሞ ሁለቱም ቤት አይሠሩም፤ ያገኙት ቀዳዳ ውስጥ ነው የሚገቡት። ወፉ ያረጀ ዛፍ ቀዳዳ ውስጥ ነበር የሚራባው። ዐውሎ ነፋስ መጥቶ ዛፎቹን ጣለበት። እዚህ ደግሞ…» አለና ወደተናደው ድንጋይ አየ።

«እዚህ ደግሞ ምን?»

«ምንም፤ ቀዳዳው ሲደፈን ቦታ መቀየር የቻለ ይተርፋል ማለቴ ነው። እዚያው ቆሞ የሚጣራ ግን…»

ይህን ሲል ገባኝ። ወሬው ስለ ወፍ አልነበረም። ምድር ባቡር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ከአለቆች ጋር ስኖር፣ አንድ ሰው ስለ አንድ ነገር እያወራ ሌላ ነገር ሲፈልግ በትከሻው አውቀዋለሁ። ይህን ንግግር ልጄ አስጠንታ ልካዋለች።

ስለዚህ እኔም በወፍ መለስኩለት። «ስማ» አልኩት። «አወዳድር ካልክ በደንብ ላወዳድርልህ። ወፍህ አንዲት ደሴት ብቻ ነበረችው። ሽኮኮ ግን አገር ምድሩን የሞላ ነው፤ አለት ባለበት ሁሉ አለ። ይህን ገደል ቢለቅ እንኳ ዘሩ አይጠፋም። ሁለተኛ፣ ወፍህ የሚዘፍነው ለአንዲት ነው። እሷ ከሌለች ዘፈኑ ግማሽ ነው። ሽኮኮ ለማንም ብሎ አይዘፍንም። እኔ እንዲህ ያልኩ ነኝ፣ ይህን ያህል እመዝናለሁ፣ ይህን ያህል ኖሬያለሁ ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚያስታውቀው። የሰማ ይስማ ነው። ይህ ጠባዩ ደስ ይለኛል።»

ሰውየው አፉን ከፍቶ አየኝ። «ስለ ክብደቱ የሚናገር መሆኑን ከየት አነበቡት?»

«አላነበብኩም። ጎረምሳውና ሽማግሌው ሲዘፍኑ ለየሁ።»

ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። እውነት ለመናገር፣ ያን ጊዜ ትንሽ ወደድኩት። ሆኖም መጠርጠሬን አልተውኩም።

ከመሄዱ በፊት የሽሮ ማሰሮ የምታህል ሣጥን አለቱ ላይ አሰረ። ድምፅ መቅጃ ናት፤ ሦስት ቀን ራሷ ትቀዳለች። ምን ያህል ሽኮኮ እንዳለ ከድምፁ እንደሚታወቅ ነገረኝ። «እስከዚያ ከተማ ውስጥ እቆያለሁ። እርስዎም ሳጥኗን አይንኩብኝ» አለኝ።

«ሞተር የፈታ እጅ ሣጥን አይፈራም፤ ግን አልነካም» አልኩት። አልነካሁምም። ሦስቱንም ጠዋት ግን ሥራዬን አላስታጎልኩም። ጎህ ሲቀድ ከሣጥኗ ራቅ ብዬ፣ አፋፉ ላይ ቆሜ ተጣራሁ። ያቺን ሣጥንም ጠረጠርኳት፤ ምናልባት ሽኮኮው ሊመልስ ፈልጎ እሷን አይቶ ዝም ብሎ ይሆናል አልኩ።

ሰውየው ሣጥኑን ይዞ ወደ ሰመራ በሄደ በሳምንቱ ልጄ ደወለች። «አባዬ፣ ውጤቱ ደርሷል።»

«የምን ውጤት? አንቺ በምን አወቅሽ?»

«ሰውየው እኔ በምሠራበት ቢሮ ነው የሚሠራው። እኔ ነኝ የላክሁት። ሽኮኮዎቹ ካሉ አልሄድም ብለህ አልነበር? ይጣራ አልኩ።»

አወቅሁት! ከመጀመሪያው ደቂቃ፣ ከጫማው አወቅሁት። «በስልክ እንዳትነግሪኝ» አልኳት። «መጥቼ በጆሮዬ ነው የምሰማው። የተቀዳን ድምፅ መቁረጥና መቀጠል እንደሚቻል እኔም አውቃለሁ።»

በሚኒባስ ሄድኩ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ሾፌሩ ሎግያን አልፎ ሰመራ ሲያወርደኝ ፀሐይዋ እንደ ፍም ነበረች። ባጃጅ ይዤ ቢሯቸው ደረስኩ። ልጄ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። አቀፈችኝ፤ እኔ ግን ከትከሻዋ በላይ ሰውየውን አየሁት። ኮምፒውተሩን ከፍቶ ተዘጋጅቷል። ፊቱ ብሩህ ነው። ያ ብሩህነቱ አሳሰበኝ፤ ያሸነፉ መሰለኝ።

«አባቴ፣ ደስ የሚል ዜና አለኝ» አለ። «ገደሉ ላይ አንድ ወንድ አለ።»

ልጄ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች።

«ሦስቱንም ቀን፣ ጎህ ሲቀድ፣ አንድ ወንድ ብቻ። ይጣራል፣ ይጠብቃል፤ ይጣራል፣ ይጠብቃል። የሚመልስለት የለም። ልክ እንደ ወፉ ነው፣ ያሳዝናል፤ ግን አለ።»

ቁልፉን ነካ። ዋይታው፣ ሳሉ፣ ማንኮራፋቱ ተሰማ። ከዚያ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ዋይታው እንደገና።

እኔ ነበርኩ።

ልጄ ወደ እኔ ዞረችና «እሺ አባዬ፣ አሸንፈሃል። ቃልህ ቃል ነው፤ አልጨቀጭቅህም» አለች። ድምፅዋ ደክሞ ነበር። ዝም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ዝም ብል የማታውን ሚኒባስ ይዤ ቤቴ እገባ ነበር። ቤቴ እጄ ውስጥ ነበር። ዝምም አልኩ፤ ምስክሬ እግዜር ነው፣ ዝም ብዬ ነበር።

ሰውየው ግን አላቆመም። «በእርግጥ ብዙ የሚቆይ አይመስለኝም» አለ። «አርጅቷል። ዋይታው ደህና ነው፤ ማንኮራፋቱን ግን ይስሙት፤ ደካማ ነው፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። ጤነኛ ወንድ እንዲህ አያንኮራፋም። የታመመ ሳይሆን አይቀርም።»

«ደካማ?» አልኩ።

«በጣም።»

«ደካማ ነው ያልከው?»

ተነሳሁ። ቢሮው መካከል ቆሜ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ፣ ከዋይታው እስከ ማንኮራፋቱ ሙሉውን አወረድኩለት። ማንኮራፋቱ ላይ እጥፍ አደረግሁለት። በሚቀጥለው ክፍል ያሉ ሰዎች በሩን ከፍተው አዩ። ስጨርስ ሰውየው እጁ ቁልፉ ላይ እንደደረቀ ቀርቷል።

«የተማርከው ስንት ዓመት ነው?» አልኩት። «እኔ በሦስት ወር ነው የቻልኩት!»

«እርስዎ ነዎት?» አለ ቀስ ብሎ። «ሦስቱንም ቀን?»

«ጡረታ ከወጣሁ ጀምሮ!»

«ሪፖርቱን እኮ ልኬዋለሁ…» ብሎ ጭንቅላቱን ያዘ። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች መሳቅ ጀመሩ። እኔም ሳቅሁ። ዲግሪ ያለውን ሰው በአፌ አታልያለሁ፤ ሣጥኑንም ኮምፒውተሩንም አታልያለሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ጥቂት ነው።

ያልሳቀችው ልጄ ብቻ ነበረች።

«ስለዚህ ሽኮኮ የለም» አለች።

«ሣጥኗ ያልሰማችው ሊኖር ይችላል። ቀን ቀን ዝም ብለው…»

«ሁሉንም ሰምቼዋለሁ» አለ ሰውየው። አሁን ብሩህነቱ ጠፍቷል፤ የሚዋሽ ግን አይመስልም። «ነፋስ አለ፣ ከመንገድ የጭነት መኪና አለ፣ ውሻ አለ። ሌላ የለም አባቴ።»

«ውሻ አለ? እኔ ብያለሁ!»

«አባዬ» አለች ልጄ። «ሽኮኮው መመለስ ከተወ ስንት ጊዜው ነው?»

ይህን ጥያቄ ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ራሴን እንኳ አልጠየቅሁትም። ውሸት ፈለግሁ፤ ብዙ ነበር፣ የትኛውም አልመጣልኝም።

«ከመጀመሪያው ትልቁ መንቀጥቀጥ ማግስት ጀምሮ» አልኳት።

«እና በየጠዋቱ ትጣራለህ?»

«ይመለሱ ይሆናል ብዬ ነዋ።»

ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ቃሌ አላነሳችም። ብታነሳው ኖሮ እከራከራት ነበር፤ ክርክር አይጠፋኝም። ዝም ስትል ግን ራሴው አነሳሁት። «ቃሌን በልቼ አላውቅም» አልኳት። «የመፍቻ ሳጥኔን ማንም እንዳይነካብኝ። ራሴ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

በሦስተኛው ቀን አብረን አዋሽ ሄድን፤ ዕቃዬን ጭነን ተመለስን። አሁን ሰመራ ነው የምኖረው። ሰውየው ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ ይዞ ይመጣል፤ ስለ እንስሳት ድምፅ ይጠይቀኛል፣ ይጽፋል። ልጄ ስትመጣ ደብተሩን ይዘጋል። ጎረቤቴ እንዳለችው ነገሩ ወደ ባል ሳያዘነብል አልቀረም፤ እየተከታተልኩት ነው።

የቤቴን ቁልፍ ለዚያችው ለጎረቤቴ ነበር የሰጠኋት። ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት።

«ግቢዬ እንዴት ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እንደተዉት ነው። በየቀኑ እጠርገዋለሁ።»

«ፍየሎችሽን እንዳታስገቢ ብዬሻለሁ።»

«ኧረ በአላህ! የምን ፍየል?»

ይህን ስትል ስልኩ ውስጥ አንዲት ፍየል ጮኸች። ከመንገድ ማዶ ያለች ፍየል አይደለችም፤ ድምፅዋ ከግቢዬ የቆርቆሮ አጥር ጋር እየተጋጨ ነው የሚመጣው። ሁለተኛዋም ጮኸች። ጎረቤቴ ሳል ሳለች።

አዳመጥኩ። ሁለት ናቸው፤ አንዷ ግልገል ናት፣ የውሃ ጥም ያለባት ትመስላለች።

«ከጓሮ ባለው በርሜል ውሃ አለ» አልኳት። «ስጫቸው። ስትጨርሺ ግን ክዳኑን መልሽው።»